ጉዳት ገማቹ ሲመጣ ምን እንበለው?



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ እንግዳ ነው። ይህ እንግዳ በደስታ ቀን አይመጣም። የሚመጣው ቤት ከተቃጠለ፣ ጣሪያ ከተገነጠለ፣ ግድግዳ ከተደረመሰ በኋላ ነው። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ሜትር ይዟል። ፎቶግራፍ ያነሳል። ይጠይቃል፤ ይጽፋል። ጉዳት ገማች ይባላል። የሚልከው የመድን ድርጅት ነው። መድን ሲባል ኢንሹራንስ ማለት ነው።

«እሱ የከተማ ሰው ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» የሚል ይኖራል። እስቲ ዱብሉቅን እንያት። ከያቤሎ ወደ ሜጋና ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የከብት ገበያ ናት። በመንገዱ ዳር የቆርቆሮ ክዳን ቤት አለ፤ ሱቅ አለ፤ ሻይ ቤት አለ። ንግድ ባለበት ብድር አለ። ባንክ ደግሞ ቤት በመያዣ ይዞ ሲያበድር፣ ለቤቱ መድን ይገባለት ይላል። ስለዚህ ነገሩ ወደ በራችን ቀርቧል። ቀርቦ ሳናውቀው ከምንቀር፣ አስቀድመን ብናውቀው ይሻላል።

ገማች ለእኛ አዲስ ነውን?

እውነቱን ለመናገር፣ አዲስ አይደለም። ቦረና ቡሳ ጎኖፋን ያውቃል። አንድ ሰው ከብቱ አልቆ ባዶ እጁን ሲቀር፣ ጎሳው ተሰብስቦ ከብት ይሰጠዋል፤ ዳግመኛ ሰው ያደርገዋል። ነገር ግን ጎሳው ዝም ብሎ አይሰጥም። አስቀድሞ ይጠይቃል። «ምን ያህል ነበረው? ምን ያህል ቀረው? የጠፋው በምን ምክንያት ነው? በድርቅ ነው? በበሽታ ነው? በዘረፋ ነው? ወይስ በራሱ አባካኝነት ነው?» ይላል። በገዛ እጁ ያባከነ ሰው እንደ ተጎዳ ሰው አይታይም።

ይህ ምንድን ነው? ጉዳት መገመት ነው። የቡሳ ጎኖፋ ሽማግሌና የመድን ድርጅት ገማች የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። ምን ነበረ? ምን ጠፋ? ለምን ጠፋ?

ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ሽማግሌው ያውቃችኋል። ከልጅነታችሁ ጀምሮ አይቷችኋል። ከብታችሁን በውኃ ጉድጓዱ ዙሪያ ሲጠጣ ቆጥሮታል። ገማቹ ግን ከሩቅ መጥቷል። ቤታችሁ ሳይቃጠል አላየውም። ያየው አመዱን ብቻ ነው። ለሽማግሌው ምስክሩ አብሮ መኖር ነው። ለገማቹ ምስክሩ ወረቀት ነው። እንግዲህ ማንበብና መጻፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ።

መድን እንዴት ይሠራል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። መድን ይኸው ነው። ብዙ ሰዎች በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ያዋጣሉ። ይህ መዋጮ አረቦን ይባላል። በዚያ ዓመት አደጋ የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነው። ለእሱ ከተዋጣው ይከፈለዋል። የሚከፈለው ገንዘብ ካሳ ይባላል። አደጋ ያልደረሰበት ሰው አረቦኑ አይመለስለትም። ዕድሩም እንዲሁ ነው፤ ሰው ስላልሞተበት መዋጮውን መልሱልኝ የሚል የለም።

የቤት እሳት መድን የተስፋፋው ከመከራ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1666 የእንግሊዝ ዋና ከተማ ለንደን ለአራት ቀናት ያህል ነደደች። ከ13 ሺህ በላይ ቤቶች ወደሙ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቤትን ከእሳት የሚያስጠብቁ የመድን ድርጅቶች ተቋቋሙ። በአገራችን በ1967 ዓ.ም. 13 የግል የመድን ኩባንያዎች ተወረሱና በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተመሠረተ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ደግሞ የግል የመድን ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀዱ። ዛሬ ሁሉንም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው።

ውሉ ምን ይላል?

ከገማቹ ጋር የሚደረገው ንግግር የሚጀመረው አደጋው ከደረሰ በኋላ ይመስለናል። የለም፤ የሚጀመረው ውሉን ስንፈርም ነው። ገማቹ ቤታችሁን የሚያየው በውሉ መነጽር ነው። ስለዚህ አራት ነገር ለይታችሁ አንብቡ።

አንደኛ፣ ውሉ የትኛውን አደጋ ይሸፍናል? ብዙ ጊዜ የቤት መድን የሚሸፍነው እሳትና መብረቅን ነው። ነፋስና ጎርፍ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎ ካልተጻፈ ላይሸፈን ይችላል። ጣሪያውን ነፋስ ወስዶት ውሉ ግን እሳት ብቻ የሚል ከሆነ፣ ገማቹ ደግ ሰው ቢሆንም ሊረዳችሁ አይችልም። የሣር ክዳን ቤት ያለው ሰውም ድርጅቱ ይቀበለው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ቤቱ በስንት ብር ተመዘገበ? እስቲ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ቤት አደጋ በደረሰበት ቀን 200,000 ብር ያወጣል እንበል። ባለቤቱ አረቦን እንዲቀንስለት ብሎ በ100,000 ብር ብቻ አስመዘገበው። እሳት ተነስቶ የ40,000 ብር ጉዳት አደረሰ። ሰውየው «40,000 ይከፈለኛል» ይላል። ነገር ግን ያስመዘገበው የቤቱን ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ራሱ እንደ ተሸከመው ይቆጠራል። ስለዚህ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሚያገኘው 20,000 ብር ነው።

ታዲያ ከፍ አድርገን በ400,000 ብር ብናስመዘግበውስ? አይጠቅምም። ቤቱ በሙሉ ቢነድ እንኳ ካሳው ቤቱ በዚያ ቀን ከሚያወጣው ዋጋ አይበልጥም። መድን የጠፋውን ለመተካት ነው እንጂ ለማትረፍ አይደለም። ሕጉም እንዲህ ይላል። ቤቱ የሚያወጣውን ያህል ማስመዝገብ ነው ጥሩው። ዋጋ በየዓመቱ ስለሚንር፣ ውሉ በታደሰ ቁጥር ዋጋውንም ማሳደስ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ከራስ የሚሸፈነው ስንት ነው? ብዙ ውሎች «የመጀመሪያው ይህን ያህል ብር በባለቤቱ ይሸፈናል» ይላሉ። ባለፈው ምሳሌ 2,000 ብር ከራስ የሚሸፈን ቢሆን ኖሮ፣ ከ20,000 ተቀንሶ እጅ የሚገባው 18,000 ይሆን ነበር።

አራተኛ፣ አደጋው በስንት ቀን ውስጥ ይነገር ይላል? የቀኑ ቁጥር በውሉ ላይ አለ። ያን ቁጥር አስምሩበት። «ለቅሶ ላይ ነበርኩ» ቢሉት ወረቀት አይሰማም።

አደጋው የደረሰ ዕለት

መጀመሪያ ነፍስ ይትረፍ። ከዚያ ለቀበሌና ለፖሊስ ይነገር። ፖሊስ የጻፈው ማስረጃ በኋላ ይጠየቃል። ለመድን ድርጅቱም በስልክ ይነገር፤ ቀጥሎም በጽሑፍ ይድረሰው። የጽሑፉን አንድ ቅጂ ራሳችሁ ዘንድ አስቀሩ። ቀኑን ጻፉበት፤ የተቀበለውን ሰው አስፈርሙት።

ገማቹ ሳያይ ፍርስራሹን አትጥረጉ፤ የተቃጠለውን ቆርቆሮ አትጣሉ። እሱ ለእናንተ ቆሻሻ ነው፤ ለገማቹ ግን ማስረጃ ነው። ነገር ግን የተረፈውን ዕቃ ዝናብ እንዳያበላሸው፣ ሌባም እንዳይወስደው ጠብቁ። ሸራ አልብሱት። ሳትጠብቁ ቀርታችሁ የተበላሸውን ድርጅቱ አልከፍልም ሊል ይችላል። ፎቶግራፍ የሚያነሳ ስልክ ያለው ጎረቤት ካለ፣ ምንም ሳይነካ በሁሉም አቅጣጫ ያንሳላችሁ።

ንግግሩ

አሁን ገማቹ መጣ እንበል። በመንገዱ ዳር ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት ቤታቸው በከፊል ተቃጥሏል። እንዲህ ተነጋገሩ እንበል።

— እናቴ፣ ፈጣሪ ይተካልዎ።

— አሜን ልጄ። ግባ፣ ተመልከተው። መጀመሪያ ግን መታወቂያህን ባየው።

— ይኸው። እሳቱ በስንት ሰዓት ተነሳ?

— ማታ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ደቂቃውን አላየሁም። ጎረቤቱ ሁሉ ገና አልተኛም ነበር።

— ከምን ተነሳ?

— ሲነሳ አላየሁም። መጀመሪያ ያየሁት ጭሱን ነው። በጓዳ በኩል ይወጣ ነበር።

— ጓዳው ውስጥ ኩራዝ ነበር?

— ነበር። ያጠፋሁት ይመስለኛል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

— ስንት ቆርቆሮ ተበላሸ?

— ቤቱ 32 ቆርቆሮ ነው የለበሰው። 14ቱ ተበላሽቷል። ቆጥሬ በደብተር ጽፌዋለሁ። የ20ው ደረሰኝ አለ፤ የቀረው ጠፍቶብኛል። ዕቃውንም በየስሙ ጽፌዋለሁ፤ ይኸው።

— ስንት ቢከፈልዎት ይበቃዎታል?

— እኔ በአፌ ዋጋ አልጠራም ልጄ። አናጢው ለማሳደሻው ስንት እንደሚፈጅ ጽፎ ፈርሞበታል። የቆርቆሮውንም የዛሬ ዋጋ ከባለ ሱቁ አስጽፌያለሁ። እሱን ተመልከት።

እኚህ እናት ምን አደረጉ? ያዩትን አየሁ አሉ። ያላዩትን አላየሁም አሉ። የረሱትን ረሳሁ አሉ። በግምት አልመለሱም። ሰው ሲጨነቅ ዝምታውን ለመሙላት ሲል ያላወቀውን ይናገራል። «ከኩራዙ ነው መሰለኝ» ይላል። ገማቹ ይጽፈዋል። ነገ ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ቢገኝ፣ ሰውየው ቃሉን የለዋወጠ ይመስላል።

ስለ ኩራዙም አልዋሹም። ብዙ ሰው «ቸልተኛ ነበርኩ ካልኩ አይከፈለኝም» ብሎ ይፈራል። እንግዲህ ሕጉን እንስማ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መድን ውል ይደነግጋል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የመድኑ ክፍል አልተሻረም። በዚህ ሕግ መሠረት በውሉ በግልጽ ካልተገለለ በቀር፣ መድን በቸልተኝነት የደረሰንም ጉዳት ይሸፍናል። ሆን ብሎ የተደረገን ግን አይሸፍንም። ስለዚህ ኩራዝ መርሳት መብት አያሳጣም፤ መዋሸት ግን ሊያሳጣ ይችላል። ያልነበረ አልጋ ተቃጠለ ያለ ሰው፣ በእውነት የተቃጠለበትን ሣጥን የሚያምነው ያጣል።

ዋጋንም በተመለከተ እንዲሁ ነው። አፍ የጠራው ዋጋ ወይ ይበዛል፣ ወይ ያንሳል። ቢበዛ አታላይ ያሰኛል። ቢያንስ በዚያው ይጻፋል።

ገማቹ ጠላት ነው ወይስ ዘመድ? ሁለቱንም አይደለም። ደመወዙን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ሥራው ጉዳቱን በውሉ መለካት ነው። ሻይ ይጠጣ፤ እንግዳ ነውና ይከበር። ጉቦ ግን አይሰጥ። ልመናም አያስፈልግም። አረቦን የከፈለ ሰው ምጽዋት ጠያቂ አይደለም፤ የውል ባለመብት ነው። ሲሄድ የገማቹን ስም፣ የመጣበትን ቀንና የተነጋገራችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ።

ከመፈረማችን በፊት

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር እዚህ ላይ ነው። ካሳ ሲከፈል አንድ ወረቀት ይቀርባል። በወረቀቱ ላይ «ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል ይገኝበታል። ይህን የፈረመ ሰው ነገሩን ዘጋ ማለት ነው። በኋላ ግድግዳው መሰንጠቁን ቢያይ ተመልሶ መጠየቅ ይከብደዋል።

ፊደል ላልቆጠረ ሰው ይህ ወረቀት ከሌላው ወረቀት አይለይም። ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትምበታል። እናንተ ግን ዛሬ ታነባላችሁ። ስለዚህ «ቶሎ ፈርሙ፣ መኪናው ሊሄድ ነው» ቢሏችሁ፣ «ቆዩ፣ ላንብበው» በሉ። ቀስ ብሎ ማንበብ አያሳፍርም። ቁጥሩን በአኃዝም በፊደልም ተመልከቱት፤ ይስማማል? ያልገባችሁ ቃል ካለ አስረዱኝ በሉ። በአማርኛ የተጻፈው ካልገባ፣ በኦሮምኛ እንዲነገራችሁ ጠይቁ። የሚያነብ ልጅ ወይም ጎረቤት አጠገባችሁ አስቀምጡ። ጥርጥር ካለ ለነገ ይደር።

ከተነገራችሁ ካሳ ጋር ካልተስማማችሁ፣ መጀመሪያ ቅሬታችሁን ለድርጅቱ በጽሑፍ አቅርቡ። ስሌቱ እንዴት እንደተሠራ በጽሑፍ ይገለጽልኝ በሉ። ምላሹ ካላረካችሁ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ አለ፤ ፍርድ ቤትም አለ። ነገር ግን አትዘግዩ። በንግድ ሕጉ መሠረት ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይታገዳል።

ገማች የሌለው መድን

አሁን ደግሞ ከቤት ወጥተን ወደ ከብታችን እንሂድ። በ2004 ዓ.ም. የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ በቦረና የከብት መድን ጀመረ። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በማርሳቢት፣ ከዚያ በፊት ተጀምሮ ነበር።

ይህ መድን ከቤት መድን በአንድ ነገር ይለያል። ገማች የለውም። ከሞተው ከብት ዘንድ ማንም አይመጣም። ሰፊ ምድር ነውና ገማች በየበረሃው ቢዞር ወጪው ካሳውን ይበላዋል። ስለዚህ ከሰማይ ላይ ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ይለካል። የአካባቢው ልምላሜ ካለፉት ዓመታት ጋር ተነጻጽሮ በጣም ዝቅ ካለ፣ በዚያ አካባቢ መድን ለገባ ሁሉ ይከፈላል። ዝቅ ካላለ አይከፈልም።

ከዚህ ምን ይከተላል? የእናንተ ላም በበሽታ ብትሞት ይህ መድን አይከፍልም። ሳር ለምልሞ ከብታችሁ በዘረፋ ቢሄድ አይከፍልም። በወረዳው ሣር እያለ በእናንተ ሰፈር ብቻ ዝናብ ቢቀር፣ ላይከፍል ይችላል። በሌላ በኩል ከብቱን ያዳነ ጎበዝ እረኛም በድርቅ ዓመት ይከፈለዋል። ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው «ላሜ ሞታ ከለከሉኝ» ብሎ ያዝናል። ሳተላይትን ማነጋገር አይቻልም። ስለዚህ የሚነገረው ሁሉ ከመግዛት በፊት ለሻጩ ይነገር። የእኔ ሰፈር በየትኛው አካባቢ ተቆጠረ? ገንዘቡ የሚከፈለው መቼ ነው? በምን በምን አይከፈልም? ሽያጩ ከገናና ከሐጋያ ዝናብ በፊት ስለሆነ፣ ለመጠየቅ ጊዜ አለ።

«ቡሳ ጎኖፋ እያለን ይህ ለምን አስፈለገ?» ይባል ይሆናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ቀሩ። በቦረና መንጋ አለቀ። ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ እዚሁ ዱብሉቅ ተጠለለ። አንድ ሰው ሲከስር ጎሳው ይሰጠዋል። ጎሳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲከስርስ? ያን ጊዜ ከሩቅ የሚመጣ እርዳታ ያስፈልጋል። መድን አንዱ መንገድ ነው። ቡሳ ጎኖፋን አይተካም፤ ከጎኑ ይቆማል።

ደብተራችሁን አውጡ

ዱብሉቅ ከዘጠኙ የቱላ ጉድጓዶች አንዷ ናት። በጉድጓዱ ላይ አባ ሄሬጋ አለ። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራውን ይይዛል። እሱ ባይቆጥር ኖሮ ጉልበተኛው ቀድሞ፣ ደካማው ተጠምቶ በዋለ ነበር። የድሃ መብት ያለ ቁጥር አይጠበቅም።

እንግዲህ እያንዳንዳችሁ የቤታችሁ አባ ሄሬጋ ሁኑ። ደብተራችሁን አውጡና በአራት ረድፍ አስምሩ። የዕቃውን ስም፣ ብዛቱን፣ የተገዛበትን ዓመትና ዋጋውን ጻፉ። ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ አልጋውን፣ የሱቁን ዕቃ መዝግቡ። ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ከደብተሩ ጋር በሌላ ቤት፣ በዘመድ ዘንድ አስቀምጡት። ቤት ውስጥ የተቀመጠ የቤት መዝገብ ከቤቱ ጋር ይቃጠላልና።

አደጋ ከቶ አይምጣ። ከመጣ ግን የሚጽፍ እጅና የሚያነብ ዓይን ያግኝ።

ለውይይት

1. የቡሳ ጎኖፋ ሽማግሌና የመድን ድርጅት ገማች በምን ይመሳሰላሉ? በምን ይለያያሉ?

2. አንድ ቤት 300,000 ብር ያወጣል። የተመዘገበው በ150,000 ብር ነው። የ60,000 ብር ጉዳት ደረሰበት። በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ካሳው ስንት ብር ይሆናል?

3. «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ቢቀርብላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ?

4. በከብት መድን ጊዜ ጥያቄ የሚጠየቀው መቼ ነው? ለምን?